አዞ አፍ ውስጥ ያልተገኘው ወፍ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከኻርቱም ይነሳና ጋምቤላ ይደርሳል። ጉዳያችን አንድ ወፍ ነው፤ ዕንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ ውሃ እያጠጣ የሚፈለፍል ወፍ። ወፉ ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ምን እንደሆነ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ኖሯል። መልሱ የተገኘው እኛው አገር፣ ባሮ ወንዝ ላይ ነው።

ኻርቱምን የሚያውቅ ሰው ሞግረንን ያውቃል። ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙበት፣ አጠገቡ የቱቲ ደሴት የተንጣለለበት ቦታ ነው። ኻርቱም ውስጥ ዴም ሰፈር የኖራችሁ ወገኖቻችን ሙቀቱ በረድ ሲል ወንዙ ዳር ወጥታችሁ ይህን ውሃ ሳታዩ አልቀራችሁም። ጥቁር አባይ ከእኛ እንደሚሄድ ማንም ይነግራችኋል። በነጭ አባይም ቢሆን ድርሻ አለን። ከኢሉባቦር ደጋ የሚወርደው ባሮ ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ጋር ይገናኝና ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል በእነዚህ ወንዞች መካከል የአሸዋ ደሴቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። ወፋችን ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

መልኩን ልግለጽላችሁ። ርዝመቱ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አናቱና ጀርባው ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ክንፉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ሆዱ ደግሞ ብርቱካናማ ነገር ነው። ደረቱ ላይ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል። ሲበር ክንፉ ተዘርግቶ ነጭና ጥቁሩ ብልጭ ሲል፣ አሸዋው ላይ ተቀምጦ የነበረው ያ ወፍ መሆኑን ማመን ይቸግራል። በዓረብኛ የአዞ ወፍ ይባላል፤ እኛም ለዛሬ በዚሁ ስም እንጥራው። በሳይንሳዊ ስሙ ፕሉቪያኑስ ኤጂፕቲዩስ ነው። ዛሬ የወፍ ሊቃውንት ቤተሰቡን ለብቻው አድርገውታል፤ የቅርብ ዘመድ የለውም ማለት ነው።

የአዞ ወፍ የሚለው ስም ሲነሳ አንድ ግሪካዊ አብሮ ይነሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግብፅን የጎበኘው ሄሮዶተስ፣ አዞ ከውሃ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ትሮኪሉስ የተባለች ወፍ ገብታ አልቅቱን ትለቅምለታለች፣ አዞውም ደስ ስለሚለው አይነካትም ሲል ጻፈ። አርስቶትል ደገመው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ደጋገመው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ነገሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሻገረ የትምህርት ቤት መማሪያ ውስጥ ሳይቀር ገባ። እውነቱ ግን አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ የሚተኛው ሙቀቱን ለመቀነስ ነው። ጥርሱም ተራርቆ የበቀለ፣ ሲወልቅም የሚተካ ነው። ጥርሱን የሚጎረጉርለት ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ኻርቱም እንግባ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1850ዎቹ ዋዜማ ነው። ሱዳን በግብፅ ገዥዎች እጅ ነበረች፤ ኻርቱምም የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች የሚርመሰመሱባት የጭቃ ከተማ። እዚያች ከተማ አልፍሬድ ብሬም የሚባል ጀርመናዊ ወጣት መጣ። ከአገሩ ሲነሳ ገና 18 ዓመቱ ነበር። አባቱ የታወቁ የወፍ አጥኚ ቄስ ነበሩ፤ ልጁም ጠመንጃና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ወፍ ፍለጋ ሱዳን ወረደ። ኑሮው ቀላል አልነበረም። ወባ አሠቃየው፣ ገንዘብ አለቀበት፣ ሊረዳው የመጣው ወንድሙ ኦስካር በ1850 ዶንጎላ ላይ አባይ ውስጥ ሰጥሞ ሞተበት። እንዲያም ሆኖ ኻርቱም ግቢው ውስጥ ባኺዳ የምትባል የተላመደች አንበሳ ሳይቀር ያሳድግ ነበር።

ብሬምን ያስቸገረው የአዞ ወፍ ጎጆ ነው። ወፉን በየአሸዋው ላይ ያየዋል። ከገደላቸው እንስቶች ሆድ ለመጣል የደረሰ ዕንቁላል ያገኛል። ጎጆ ግን የለም። አንድ ቀን ጥንድ ወፎችን ከሩቅ ሲከታተል አንደኛው አሸዋው ላይ ተኝቷል። ብሬም ሲጠጋ ወፉ በችኮላ አሸዋውን ጫር ጫር አድርጎ ሄደ። ቦታው ላይ ሲደርስ አሸዋው ትንሽ ከመታመሱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በእጁ ሲቆፍር ዕንቁላሎቹ ወጡ። ወፉ ዕንቁላሉን ይቀብራል ማለት ነው።

ከብሬም በኋላ ሌሎችም አለፉ። ኻርቱም በሚገኘው የኦስትሪያ ቆንስላ የሠራው ቴዎዶር ሆይግሊን አገራችን ድረስ መጥቶ ወፍ ሰብስቧል፤ በ1862 አፄ ቴዎድሮስን አግኝቷል፤ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎችም ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በኋላም እንግሊዞች ሱዳንን ሲይዙ የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊ የነበረው አርተር በትለር ደግሞ ስለዚሁ ወፍ ጫጩቶች ኢቢስ በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ላይ በ1931 ጽፏል። እነዚህ ሁሉ ጠንካራ ታዛቢዎች ናቸው። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገደኞች ነበሩ። አንድ ጎጆ አጠገብ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዕንቁላሉ ከተጣለበት ቀን እስኪፈለፈል ድረስ የተቀመጠ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው እንዳለ ቀረ፤ ለምን ይቀብራል?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የቤታችሁ ዶሮ ስትታቀፍ የዕንቁላሉ ሙቀት ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ይሆናል። የወፍ ሽል ጥቂት ብርድ ይችላል፤ እድገቱ ዘግየት ይላል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ሙቀት ግን አይችልም። ከ40 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ በአጭር ጊዜ ይሞታል። አሁን የኻርቱምን ወይም የጋምቤላን የመጋቢት ፀሐይ አስቡ። ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ባዶ አሸዋ በባዶ እግር አይረገጥም። እዚያ ላይ ዕንቁላል ጥሎ መሄድ ቀቅሎ መብላት ነው። ታዲያ ወፉ ዕንቁላሉን አሸዋ ውስጥ የሚከተው እንደ አዞና እንደ ኤሊ ፀሐይ እንድትፈለፍልለት ነው? ከሆነ ለምን አይበስልም? ወይስ የሚቀብረው ከሌባ ለመደበቅ ብቻ ነው?

እዚህ ላይ ታሪካችን ከኻርቱም ወደ ጋምቤላ ይሻገራል። ሁለቱን ከተሞች ያስተሳሰረው መርከብ ነው። አፄ ምኒልክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ወደብ ተከፈተ። ከኻርቱም የተነሳው የእንፋሎት መርከብ ነጭ አባይን፣ ሶባትንና ባሮን ተከትሎ ይመጣና ቡናችንን ጭኖ ይመለስ ነበር። መርከቡ መድረስ ይችል የነበረው ግን ክረምት ውሃው ሲሞላ ብቻ ነው። ወፉ ደግሞ ዕንቁላል የሚጥለው በበጋ፣ አሸዋው ሲወጣ። መርከቡ ሲመጣ ጎጆ የለም፤ ጎጆው ሲኖር መርከብ የለም። ከኻርቱም በመርከብ ይመላለስ የነበረው ሹምና ነጋዴ የወፉን ምሥጢር ሳያይ መቅረቱ አያስገርምም።

በ1977፣ በእኛ በ1969 ዓ.ም. በጋ ላይ፣ ቶማስ ሃወል የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ጋምቤላ መጣ። ሃወል በሙቅ አገር ስለሚራቡ ወፎች ልምድ ነበረው፤ ከዚያ በፊት በቺሊ አታካማ በረሃ ውስጥ የሚፈለፍል የባሕር ወፍ አጥንቷል። ጊዜው ለአንድ አሜሪካዊ የሚመች አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ደርግ እርስ በርሱ ይፋጃል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መንግሥት የአሜሪካን ተቋማት ከአገር አስወጣ። ሰውየው ግን ባሮ አሸዋ ላይ ወፍ ይቆጥራል። እኔ በበኩሌ የዚህን ሰው ትኩረት አደንቃለሁ።

ሃወል ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ጎጆዎቹን አገኘ፣ ሙቀት ለካ፣ ወፎቹ በየሰዓቱ የሚያደርጉትን መዘገበ። ያገኘውን እስቲ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ወፎቹ አሸዋው ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይጭራሉ። ሣር የለ፣ እንጨት የለ፤ ጎጆው ያ ነው። እንስቷ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ትጥላለች። ከዚያ በምንቃራቸው አሸዋ እየወረወሩ ይሸፍኑታል። ዕንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፤ የሚለብሰው አሸዋ ግን የላላና ስስ ነው፤ ከላይ ያለው ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዕንቁላሉን ከዓይን ለመሰወር ይህ በቂ ነው። አሞራ ከላይ ሲያይ አሸዋ ያያል፤ አርጃኖ ዳር ዳሩን ሲያልፍ አሸዋ ያያል።

ዋናው ግኝት ይህ ነው፤ ፀሐይ አትፈለፍልም። ወላጆቹ ዕንቁላሉን ለብቻው ትተው አይሄዱም። ሌሊቱን ከላዩ ያለው አሸዋ ገለጥ ይልና ወፉ እንደማንኛውም ወፍ በሰውነቱ ሙቀት ይታቀፈዋል። ረፋዱ ላይ አሸዋው በመጠኑ ሲሞቅ የወፉ ሥራ ይቀላል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ሥራው ይገለበጣል። ማሞቅ ቀርቶ ማቀዝቀዝ ይጀመራል።

ይህን ክፍል ቀረብ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ቀትር ነው። አንደኛው ወፍ ጎጆው ላይ ተቀምጧል። ይነሳና አሸዋውን በምንቃሩ ጣል ጣል አድርጎ፣ በፍጥነት ወደ ውሃው ዳር ይሄዳል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሆዱን ይነክራል። የሆዱ ላባ ውሃውን ይይዛል። ወዲያው ተመልሶ ርጥብ ሆዱን ዕንቁላሎቹ ባሉበት አሸዋ ላይ ያሳርፋል። አሸዋው ይርሳል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነስቶ እንደገና ወደ ወንዙ። ወይም ጓደኛው በተራው ሆዱን ነክሮ ይመጣና ይተካዋል። እናትም አባትም ይህን ይሠራሉ፤ ቀኑ እየጋለ በሄደ ቁጥር ምልልሱ እየበዛ ይሄዳል። ሃወል የዕንቁላሎቹን ሙቀት ሲለካ 37.5 ዲግሪ አካባቢ አገኘው። ዙሪያው እየነደደ፣ እዚያች አንዲት ጭብጥ የምታህል ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሙቀት ዶሮ ከታቀፈችው ዕንቁላል አይለይም።

አሸዋው ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ከጠላት ይሰውራል፤ ርጥበትም ይይዛል። ዕንቁላሉ ባዶውን ቢሆን ኖሮ ከወፉ ሆድ የሚንጠባጠበው ውሃ ወዲያው ይደርቅ ነበር። አሸዋ ሲለብስ ግን ውሃው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይቆያል። ቤተሰቡ ከውሃው ዳር ርቆ የማይሰፍረውም ለዚህ ነው።

ዕንቁላሉ ለመፈልፈል ከ28 እስከ 31 ቀን ይፈጃል። ዶሮ ከዚህ እጅግ የሚተልቅ ዕንቁላሏን በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ወላጆቹ ይህን ሁሉ ቀን፣ በበጋው እጅግ በሚያቃጥለው ጊዜ፣ በውሃና በአሸዋ መካከል ሲመላለሱ ይከርማሉ።

ጫጩቶቹ ሲወጡ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ገላቸው ለስላሳ ላባ የለበሰ ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ጎጆውን ትተው ይሮጣሉ። መብረር ግን አይችሉም፤ አሸዋው ላይ ደግሞ ቁጥቋጦ የለም፣ ድንጋይ የለም። ጭልፊት ሲያንዣብብ የት ይሸሸጉ? ጫጩቷ ባለችበት፣ አንዳንዴም የጉማሬ ኮቴ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ለጥ ትላለች። ወላጇ ይደርስና በምንቃሩ አሸዋ እየወረወረ ይቀብራታል። አደጋው እስኪያልፍ ድረስ ንቅንቅ አትልም። ጫጩቶች ሦስት ሳምንት እስኪሆናቸው ድረስ እንዲህ ሊቀበሩ እንደሚችሉ ሃወል መዝግቧል። ሙቀት ሲበረታባቸው ደግሞ ወላጆቹ በዚያው ርጥብ ሆድ ያቀዘቅዟቸዋል፤ ጫጩቶቹም ከላባው ላይ ውሃ ይጠጣሉ።

ዕንቁላል አሸዋ ማልበስ የዚህ ወፍ ብቻ ጠባይ አይደለም። በእኛም ሐይቆች ዳር የሚገኝ አንድ ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ ጎጆውን ትቶ ሲሄድ ዕንቁላሉን አሸዋ አልብሶ ይሄዳል። በአውስትራሊያና በእስያ ደሴቶች ደግሞ ዕንቁላላቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው ጭራሹን የማይታቀፉ ወፎች አሉ፤ ዕንቁላሉን የሚያሞቀው ፀሐይ፣ የእሳተ ገሞራ ሙቀት ወይም የሚበሰብስ ቅጠል ነው። የአዞ ወፍ ቀብሮም ይታቀፋል፤ ታቅፎም ያጠጣል። ሦስቱን አንድ ላይ እንዲህ አሟልቶ ስለሚሠራ ነው የወፍ ሊቃውንት የሚደነቁበት።

አዞውስ? ሃወል አዞ አፍ ውስጥ የሚገባ ወፍ አላየም። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ባለበት ዘመንም አስተማማኝ ፎቶግራፍ አልተገኘም፤ ሲዘዋወር ያያችሁት ሥዕል በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ነው። ብሬም ግን በዓይኔ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። ውሸታም ለማለት አልደፍርም። ወፉና አዞው አንድ አሸዋ ላይ ይውላሉ፤ ወፉ አይፈራም፣ ነፍሳት ለመልቀም አዞው ዙሪያ ይሯሯጣል። ሄሮዶተስን ልጅ ሆኖ ያነበበ ሰው በሙቀት በሚንቀጠቀጥ አየር ውስጥ ከሩቅ ሲያይ የቀረውን በልቡ ሳይሞላው አልቀረም። ትሮኪሉስ የተባለችው ይህ ወፍ ሳይሆን እዚያው አባይ ዳር የሚውል ሌላ ወፍ ናት የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ያው ብሬም በጥንቃቄ አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ የቆፈረው ዕንቁላል እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

የሃወል ጥናት በ1979 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለዚህ ወፍ አረባብ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የጋምቤላ ጥናት ይጠቅሳሉ። እኛ ግን ጋምቤላን በዚህ አናውቃትም።

ወፉ ስሙ የግብፅ ቢሆንም ዛሬ ግብፅ ውስጥ የለም። ኑሮው በወንዝ ሙላትና ጉድለት ላይ የተመሠረተ ነው። ክረምት የመጣው ሙላት አዲስ አሸዋ ያነጥፋል፣ ሣሩን ይጠርጋል፤ በበጋ ውሃው ጎድሎ ሳይነቃነቅ ይቆያል። ግድብ ይህን ይለውጣል። በበጋ የሚለቀቀው ውሃ ከፍ ካለ የአሸዋው ደሴት ያንሳል፤ በድንገት ከተለቀቀ ደግሞ ዕንቁላሉን ጠርጎ ይወስዳል። በጥቁር አባይ ላይ በሱዳን የሰናር ግድብ ከ1925፣ የሮዛይረስ ግድብ ከ1966 ጀምሮ አለ፤ አሁን ደግሞ የእኛው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። ግድቡ ያስፈልገናል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ከግድቡ በታች ባለው አሸዋ ላይ ስንት ጥንድ እንዳለ መቁጠር ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር አይጣላም።

ኻርቱምም የራሷ የጥናት ቤት ነበራት። በኻርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአገሪቱን ወፎችና አራዊት ናሙና ለትውልድ ሲያቆይ ኖሯል። ሚያዝያ 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ሙዚየሙ ወድሟል፤ በሕይወት የነበሩት እንስሳቱም አልቀዋል። በረጅም ዘመን የተሰበሰበ ናሙና አንዴ ከተቃጠለ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ከባሮና ከአባይ ወንዝ ላይ የሚገኝ መረጃ ዛሬ ከድሮው ይልቅ ዋጋ አለው።

አድማጮቻችን፣ በተለይ የጋምቤላ፣ የቤኒሻንጉልና የመተማ ቆላ ነዋሪዎች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከጥር እስከ ሚያዝያ ከብት ልታጠጡ፣ ዓሣ ልታጠምዱ ወይም አሸዋ ልትጭኑ ወንዝ መሀል ስትገቡ፣ ሆዱን ነክሮ የሚመላለስ ጥቁርና ብርቱካናማ ወፍ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ዕንቁላሉ እግራችሁ ሥር ሊሆን ስለሚችል በውሃው ዳር ዞራችሁ እለፉ። የባዮሎጂ ተማሪዎች የሆናችሁ ደግሞ ቀኑን፣ የወንዙን ስምና ያያችኋቸውን ጥንዶች ብዛት መዝግቡ፤ ለመምህራኖቻችሁም አሳዩ። ለዚህ ሥራ ደብተር፣ እርሳስና ቴርሞሜትር ይበቃችኋል።